ወንድም ጋሼ ያልገባበት ቁጥር

«ዝም በሉ፣ ሊናገር ነው» አለች እናቷ። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም፤ ልጅቷም ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ዜና አንባቢው በወረርሽኙ ጉዳይ መጀመሪያ የተመረመሩትን፣ ቀጥሎ የተያዙትን፣ ከዚያ ያገገሙትን ተናገረ። የሞቱትን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «ባለፉት ሃያ አራት ሰዓታት የስድስት ሰዎች ሕይወት አልፏል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጅቷ በካሬ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ ነጥብ አሳረፈችና ከትናንቱ ነጥብ ጋር በማስመሪያ አገናኘችው። መስመሩ አሁንም ወረደ። ፎቶ አንስታ የሕንፃው ነዋሪዎች ወደሚጻጻፉበት ግሩፕ ላከችው።

ነገሩ የተጀመረው በቤት ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሒሳብ አስተማሪያቸው በስልክ «በየቀኑ የሚነገረውን የሟቾች ቁጥር በግራፍ አስቀምጡ። በኋላ መስመሩ ምን እንደሚል በራሳችሁ ቃል ትጽፉልኛላችሁ» አሏቸው። አብዛኞቹ የክፍሏ ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ሰለቹ። እሷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረጃ ሳትቆጥር የማትወጣ ልጅ ናት። ስሟን ትተው «ቆጣሪ» ይሏታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቿ «እስቲ ቆጣሪያችንን ጠይቋት» እያሉ ሲቀልዱባት ኖረዋል።

አሁን ቀልዱ ቁም ነገር ሆኗል። ዜናውን መስማት የሚያስፈራቸው ሁሉ ቁጥሩን ከእሷ ይጠብቃሉ። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ደግሞ ምድር ቤት የሚኖሩት ልብስ ሰፊው ነበሩ። ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠሯታል።

«ቆጣሪዬ፣ ዛሬስ?»

«ስድስት፣ ጋሼ።»

«ትናንት ዘጠኝ፣ ዛሬ ስድስት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ነገር ሻንጣውን እየሸከፈ ነው። ኧረ ይሂድልን፣ ሸኚም አንሆነውም!»

የትልቋ ልጃቸውን ሠርግ ሁለት ጊዜ አራዝመዋል። መስመሩ መውረድ ሲጀምር ግን በመጪው እሑድ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀለል አድርገው ሊደግሱ ቆረጡ። ለተጠራጠረ ዘመድ ሁሉ የቆጣሪን ግራፍ በስልካቸው ያሳያሉ።

በዚያው ሳምንት ወንድም ጋሼ ሞተ።

ወንድም ጋሼ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው። እናቷ ከልጅነቷ እንደዚያ ስለምትጠራው እሷም ለምዶባት ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገነ ብቻውን ይኖር ነበር። ሰኞ ዕለት ሳል ጀመረው። ወደ ነፃው የስልክ መስመር ቢደውልም «ቤትዎ ይቆዩ፣ እንመጣለን» ተባለ። ማታ ማታ በመስኮት እየጮኹ ከእናቷ ጋር ያወሩ ነበር። «ምንም አልሆንሁም፣ ሽቦ ነው የላላብኝ» ይላታል። ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት ቀረ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ ከአፍንጫው ናሙና ወሰዱና ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። እናትና ልጅ ቀብሩን ያዩት ከአጥር ውጭ ቆመው ነው።

በዚያ ምሽት ዜናውን ማንም አልከፈተም፤ ከጎረቤት ቤት ግን ተሰማ። «... የአራት ሰዎች ሕይወት አልፏል።»

እናቷ ከሶፋው ላይ ቀና አለች። «ከአራቱ አንዱ ወንድም ጋሼ ነው?»

የልጅቷ እጅ በልማድ ወደ እርሳሱ ሄደ። ረቡዕ አምስት ነበር፤ የሐሙስ ነጥብ ከሁሉም ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ፎቶውን ስትልክ ግሩፑ ላይ የሚያጨበጭቡ እጆች ተደረደሩ። እጆቹን የላኩት ጠዋት «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው የጻፉት ሰዎች ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሁለቱን ነገር አላገናኙትም እንጂ። እሷም ብትሆን ማገናኘት አቅቷት ነበር። ነጥቧን አፍጥጣ አየቻት። ወንድም ጋሼን የሚመስል ምንም ነገር የለባትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ነርሷን ጠበቀቻት። ላይኛው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ በፌስታል ሳትቋጥር ቤቷ አትገባም። ሁለቱ በመሐላቸው ብዙ እርከን ትተው ተቀመጡ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ቁጥር ከሆነ ዛሬ ደክሞኛል፣ የኔ ቆንጆ።»

«ስለ ወንድም ጋሼ ነው። ትናንት አራት አሉ። እማዬ ከአራቱ አንዱ እሱ ነው ወይ ትላለች።»

ነርሷ የጫማዋን ክር መፍታት አቆመች። «አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ቤቱ የሞተ ሰው ናሙናው መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይገባል። ውጤቱ ሲወጣ ይመዘገባል፤ ለዜና የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንደኛው ማሽን ተበላሽቶ ናሙናው ተከምሯል። የሱ ገና ወረፋ ላይ ነው።»

«ወረፋ አይወድም ነበር» አለች ልጅቷ። ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ታዲያ አራቱ እነማን ናቸው?»

«ውጤታቸው ትናንት የደረሰ ሰዎች ናቸው። ምናልባት የሞቱት ባለፈው ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት ነው።»

«መስመሩ ግን እየወረደ ነው እኮ።»

«እኛ ክፍል አንድም ባዶ አልጋ የለም። ናሙና ሳይወሰድላቸው የተቀበሩም አሉ፤ እነሱ ከነጭራሹ አይገቡም።»

«ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት ነው?»

ነርሷ ጫማዋን ፌስታሉ ውስጥ ከተተች። «ውሸትስ አይደለም። የተነገሩት ሰዎች በእውነት ሞተዋል። ያልተነገሩት ግን በሕይወት አሉ ማለት አይደለም» አለችና ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ድንቡሼ ከታች እየሮጠች መጣች። የልብስ ሰፊው ትንሿ ልጅ ናት፣ የክፍሏ ልጅና የልብ ጓደኛዋ። ገና ያልተተኮሰ ሐምራዊ ቀሚስ በክንዷ ይዛለች። ልታሳያት ነበር የመጣችው፤ ፊቷን ስታይ ግን ቀሚሱን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። ቆጣሪ ከሲስተር የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

«ለአባቴ ትነግሪዋለሽ?» አለች ድንቡሼ።

«አላውቅም። አያትሽም ይመጣሉ?»

«ያለ እሷ ሠርግ አለ እንዴ? ስሚ፣ እህቴ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች ታውቂያለሽ። እሑድ ይለፍና ሰኞ የፈለግሽውን ፖስት አድርጊ። አንቺ ቁጥር ነው የምትናገሪው፣ ሐኪም አይደለሽም። አቦ፣ አታካብጂ።»

«ወንድም ጋሼ እኮ—»

«አውቃለሁ፤ እኔም አዝኛለሁ።» የድንቡሼ ዐይን እንባ አቀረረ። «ግን ለአንድ ቀን ነው።»

ያንን ሌሊት በቆጣሪ ዐይን እንቅልፍ አልዞረም። ድንቡሼ ያለችው እውነት ነበር፤ ከቁጥር በቀር ለማንም ምንም ብላ አታውቅም። ሰው ግን ከመስመሩ ውስጥ የራሱን ቃል ሰምቷል። ልብስ ሰፊው «ደግሱ» የሚል ሰምተዋል። ዝም ካለች መስመሩ በእሷ ፈንታ መናገሩን አያቆምም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረደችና የልብስ ሰፊውን በር አንኳኳች። የሙሽራውን ኮት እየተኮሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ግሩፑ ላይ የምልከው መስመር እኔ እንደመሰለኝ አይደለም።»

ሲስተር እንዳስረዳቻት አስረዳቻቸው። ሲሰሙ ግንባራቸው ይቋጠር ጀመር።

«እየወረደ ነው ያልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ትክክለኛው ስንት ነው?»

«አላውቅም» አለች። ስለ ቁጥር ተጠይቃ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። «ወንድም ጋሼ ሐሙስ ሞተ፤ እስካሁን አልተቆጠረም። የእሱን የማውቀው አጎቴ ስለሆነ ነው። ሌሎቹን አላውቃቸውም።»

ልብስ ሰፊው ካውያውን በቁሙ አስቀመጡት። ከወንድም ጋሼ ጋር ለዓመታት በሬዲዮ ኳስ እየሰሙ ሲከራከሩ ኖረዋል።

«እሱ የለበትም?» አሉ።

«የለበትም፣ ጋሼ።»

«በይ ሂጂ፣ ልጄ።» ቁጣም ይሁን ምስጋና፣ ከድምፃቸው አልለየችውም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቆልለው የነበሩት ወንበሮች ወደ መጡበት ተመለሱ። ሙሽሮቹ በሌላ ቀን ከምስክሮቻቸው ጋር ብቻ ሄደው ፈረሙ። ቅዳሜ ማታ የሙሽራዋ ለቅሶ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር። ድንቡሼ ደረጃው ላይ ስታገኛት እንደ ግድግዳ አለፈቻት። ቆጣሪም አልተከተለቻትም። ለግሩፑም ፎቶ መላክ ተወች። የጠየቃትን ሰው «ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው» ትለዋለች፤ አንዳንዱ ያምናታል፣ አንዳንዱ «ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት» ብሎ ያልፋታል።

ከብዙ ቀን በኋላ የእናቷ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የጤና ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። እናቷ «እሺ፣ እሺ» ብቻ እያለች ሰማችና ዘጋች።

«የተከመረው ናሙና ውጤት ወጥቷል፤ የሱም መጣ። በሽታው ነበረበት። ዛሬ ይመዘገባል አለችኝ።»

ምሽት ላይ እናትና ልጅ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ዜና አንባቢው እንደ ወትሮው የሞቱትን መጨረሻ ላይ አመጣ፤ «የሠላሳ አንድ ሰዎች ሕይወት አልፏል።»

ግሩፑ ተተራመሰ። «ሠላሳ አንድ በአንድ ቀን?» «አለቅን በቃ!» «ቆጣሪ የት ሄደች?» ከዚያ መሐል አንድ መልእክት ለብቻዋ መጣላት። ከድንቡሼ ነበር።

«ወንድም ጋሼ ዛሬ ገባ?»

«ገባ» ብላ መለሰችላት።

ግራፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሐሙስን ነጥብ በላጲስ አጠፋችና ከአራት ወደ አምስት ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከረቡዕ ወደ ሐሙስ መስመሩ አልወረደም፤ ቀጥ ብሎ አለፈ። ሠላሳዎቹን ግን የት እንደምታደርጋቸው አላወቀችም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ቀኑን የሚያውቅ ሰውም ከየቤቱ አይጠፋም። የዛሬውን ቦታ ባዶውን ተወችው።

እናቷ ከኋላዋ ቆማ ስታይ ነበር። «ለምን ወደ ኋላ ወሰድሽው?»

«ሐሙስ ነዋ የሞተው፣ እማ።»

እናቷ ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ልጅቷ ስልኳን አነሳች። ፎቶ አላነሳችም። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፦ «የዛሬው ሠላሳ አንድ ነው። ሁሉም ዛሬ የሞቱ አይደሉም። አንዱ ወንድም ጋሼ ነው።»

ለእናቷ አነበበችላት፤ እናቷም ራሷን ስትነቀንቅላት ላከችው።