አርባ ኪሎ አሸዋ

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከድንጋይ ካባው በላይ ባለው ኩርባ አንዲት ትንሽ መኪና ቁልቁል ስትወርድ ኋላዋ ፊቷን ቀደመ፤ ዞረችና ወደ መጣችበት እያየች ከግንቡ ጋር ተጣብቃ ቆመች። ከውስጧ የወጣችው የከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ነበረች፤ ቦርሳዋን አነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ በእግሯም ወደ ጋራዡ ወረደች።

የጋራዡ ዋና መካኒክ መኪና ለሚረከብ ሰው ሁሉ «ረጋ በሉ» ስለሚል ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አላገባም፤ ይህች ሴት በበሩ ስትገባ ግን እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠባል።

«መኪናዬ ግንብ ታቅፋ ቀርታለች» አለችው።

«ኩርባው ላይ ምን አደረጉ?»

«ፈራሁና እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ።»

«ጉዱ እሱ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ክብደቷም እዚያው ነው። ድንገት ነዳጅ ሲቀንሱ ኋላዋ ብድግ ይላል፤ ጎማዎቹ ከሥሯ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ ቢያዞሩ የሚሰማዎት የለም።»

«ትድናለች?»

«ትድናለች።»

«በሃያ ቀን ውስጥ መዳን አለባት» አለች አዋላጇ።

በዚያ ዓመት ከተራራው ማዶ ጤና ጣቢያዎች እንዲከፈቱ የመንግሥት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ለአዋላጅነት የሚላከውም ሰው አርባ አንዱን የተራራ ኩርባ የምታልፍ መኪና ያለው መሆን ነበረበት፤ በሃያኛው ቀን የጤና ሹሙ ራሱ ከጎኗ ተቀምጦ ሊፈትናት ነው። ካለፈች ትሄዳለች። ካላለፈች ሌላ ሰው ይላካል፤ እሷም እዚሁ ትቀራለች። መካኒኩ ይህን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠና መልሶ አነሣው።

ሥራውን ግን ጀመረ። ባትሪውን ወደ ፊት አዛወረ፤ በፊተኛው ኮፈን ሥር አርባ ኪሎ አመድማ የወንዝ አሸዋ በከረጢት ሰፍቶ አስቀመጠ፤ የፊት ጎማዎቹንም ነፋስ ቀነሰ። መኪናዋ ተሻላት፤ አልዳነችም። ስለዚህ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ሸክም ከሚያነጥሩት ተደራራቢ ብረቶች፣ አንዷን ቅጠል ፈታ፤ በሞተሩ ሥር ከጎማ ወደ ጎማ እንድትሻገር አድርጎም አጎበጣት፤ ኋላው ብድግ ቢል ጎማዎቹን ይዛ እንዳይታጠፉ የምታደርግ እሷ ናት። በማንም መጽሐፍ አላያትም፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ የነደፋት ራሱ ነው። በዘጠነኛው ቀን አለቀች።

ግድግዳ ላይ ሰቀላት። አዋላጇ በመጣች ቁጥር «አልደረሰም» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ» አለው በአሥራ አምስተኛው ቀን የጋራዡ ባለቤት፣ «ይህ ብረት የተሰቀለው ግድግዳው እንዲያምር ነው?»

«ገና አልሞከርኩትም።»

«ብታስቀራት እኮ ትቀራለች፤ ላንተ ግን አትቀርም።»

በዚህ መካከል አዋላጇ ገባች። «ብረቱ ካልደረሰ አሸዋው ይበቃኛል» አለች። «ነገ ተራራውን ልሞክረው ነው።»

አርባ አንዱም ኩርባ በዓይኑ ላይ መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብረቱን ገጠመው።

በማግስቱ እሷ ነዳች፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። የድንጋይ ካባው ኩርባ ላይ ሲደርሱ «አሁን እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ» አላት።

«አብደዋል?»

«ያንሱ።»

አነሣች። የመኪናዋ ኋላ ብድግ ሊል አሰበና ተወው፤ መኪናዋ መሥመሯን ሳትለቅ ኩርባውን ጨረሰች። አዋላጇ ዳር ይዛ አቆመችና ሳቀች፤ ሳቋም ቀስ ብሎ ሄደ።

«ብረቱ ካለቀ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሰባት ቀን።»

«ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ ሰባት ቀን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ከርሞ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ከረጢቱን በየስድስት ወሩ ይዩት። አሸዋው ከፈሰሰ ፊቷ ይቀላል፤ ትከዳዎታለች።»

«አየዋለሁ» አለች። ሞተሩን አስነሥታም፣ «ካንተ ግን ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም።

ፈተናውን አለፈችና ሄደች። አልጻፈችለትም፤ አልጻፈላትም፤ ሁለቱም ግን ፊደል የቆጠሩ ነበሩ። መካኒኩ ከተራራው የሚወርደውን መኪና ሁሉ በድምፁ መለየት ለመደ። ከአራት ዓመት በኋላ የመኪናይቱ ፋብሪካ ያችኑ የመሰለች ብረት ከአዳዲሶቹ መኪኖቹ ሥር ገጠመ፤ የመሐንዲሱም ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ። መካኒኩ አልተከፋም፤ ሰውየው በራሱ መንገድ እንደ ደረሰባት ያውቃል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ነጋዴ ያችኑ መኪና ይዞ መጣ።

«ከጨረታ ገዛኋት። ፊቷ ላይ ያለውን ኮተት ጣልልኝ።»

«አዋላጇስ?»

«ተዛወረች ነው የሚሉት፤ ወዴት እንደሆነ እንጃ።»

ኮፈኑን ከፈተ። ከረጢቱ ሦስት ቦታ ተቀዶ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል፤ ክሩ ቁስል የሚሰፋበት ነው፤ እያንዳንዱም ስፌት ለብቻው ተቋጥሯል። አፉን ፈትቶ ቢያይ አሸዋው እሱ የሞላው አመድማ አልነበረም፤ ከተራራው ማዶ የመጣ ቀይ ነበር። ሚዛን ላይ አወጣው፤ አርባ ኪሎ።

የዚያ ዘመን መዝገብ ጤና ጣቢያው የተከፈተበትን ቀንና በውስጡ የተወለዱትን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሕፃናት ይዟል፤ የመሐንዲሱም ስም ስለ መኪና በተጻፉ መጻሕፍት ይገኛል፤ ይገባዋልም። ስለ ከረጢቱ የጻፈ የለም። መካኒኩ ለነጋዴው አዲስ ከረጢት ሞላለት፤ ቀዩን አሸዋ ግን ወደ ቤቱ ወሰደው። ሲሞት እህቱ ቤቱን ልታጸዳ መጣች፤ ምን እንደሆነ ስላላወቀችም በደጁ ጭቃ ላይ በተነችው።