ሸራውን ማን ጠቀለለው

ሎዌል ተንስታድ ተጎታች ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ጉንጮቹ እንደ ጎረምሳ ጉንጭ ቀልተዋል። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሮ ይህን ያህል ያማረበት ዛሬ ገና ሳይሆን አይቀርም፤ ምን ያደርጋል!

መርማሪ ሮሳልቫ ኤንሲናስ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ የጋዝ ማሞቂያውን አየች፤ ከዚያ ደግሞ መስኮቱን። በየዓመቱ የብርድ ወራት ሲመጣ ሽማግሌዎች ከሰሜን ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ ወደዚህ የአሪዞና በረሃ ይወርዳሉ። በየዓመቱም ጥቂቶቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ብዙውን ጊዜ ልብ ነው። የዛሬው ግን ልብ አይመስልም።

«ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከማሞቂያው የወጣ። ይህ ቅላት ሌላ ትርጉም የለውም።»

«መስኮቱ እኮ ጣት ያህል ክፍት ነው። የጣሪያው መተንፈሻም ክፍት ነው። በዚህ ሁሉ ቀዳዳ እየወጣ እንዴት ሰው ይገድላል?»

«እሱን አንቺ ድረሺበት። እኔ የማውቀው ከእኩለ ሌሊት በፊት መሞቱን ነው።»

ማሞቂያውን ደጅ አውጥታ አስለኮሰችው፤ ሰማያዊና ንጹሕ ነበልባል አወጣ። ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን የሟቹን ሸሚዝ ስትፈትሽ ደግሞ ከኪሱ አንዲት የባሕር ዛጎል አገኘች። በረሃ ላይ ዛጎል ምን ይሠራል ብላ ከሌላው ማስረጃ ጋር አስቀመጠቻት።

ቀጥላ በኋላ በኩል ባለው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣች። ፀሐይ የበላው ጣሪያ ነጭ ዱቄት ያራግፋል፤ ጉልበቷ ወዲያው ነጣ። በመተንፈሻው ዙሪያ ግን ትራስ የሚያህል አራት ማዕዘን ቦታ ዱቄቱ ተጠርጎ ነበር። ቆማ ሰፈሩን ቃኘችው። ወንዙ ዳር ሦስት ተጎታች ቤቶች አንድ የእሳት ቦታ ከበው ቆመዋል። የመካከለኛው፣ ከግድግዳው ወደ ደጅ የሚዘረጋው የጥላ ሸራ ተቀዳዶ ክንዱ ተሰብሯል። ሦስተኛው ቤት ጎማ የለውም፤ እንጨት ላይ ተቀምጧል፤ ሸራም የለውም። የሟቹ ሸራ ግን በወጉ ተጠቅልሎ ታስሯል።

ሚስቲቱን ቨርናን ያገኘቻት መካከለኛው ቤት ውስጥ፣ በጎረቤቷ በሻርሊን ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነው።

«ትናንት የት አደሩ፣ እናቴ?»

«እዚሁ። የጋዙ ማሞቂያ ደረቴን ያፍነኛል። ብርድ የበረታ ዕለት ሻርሊን ዘንድ ነው የማድረው።»

«ይህን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ሁሉም ነዋ። አምስት ሰው ነን፤ ምን የሚደበቅ አለ?» አራት መሆናቸው ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች።

«ባለቤትዎ በርዷቸው መስኮቱን ዘግተው ይሆን?»

«ሎዌል? አይ ልጄ! ወንድሙ በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ በተተከለ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ በማሞቂያ ጭስ ታፍኖ ነው የሞተው። ሬሳውን ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ውርጭ እየገባብን እንኳ መስኮት ዘግቶ አያውቅም። ስንት ዓመት አብሬው ስንቀጠቀጥ የኖርኩ መሰለሽ!»

«የጭስ ማስጠንቀቂያውስ?»

«ዳቦ በጠበስኩ ቁጥር ስትጮኽበት ነቅሎ ጣላት። ለመስኮት እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው፣ እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?»

«ጣሪያ ላይ ኮቴ ቢሰማ ባለቤትዎ ይነቁ ነበር?»

«የመስሚያ መሣሪያውን አውልቆ ከተኛ መድፍም አይቀሰቅሰው።» ቨርና ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ሮሳልቫም ተነሥታ ወጣች።

የሻርሊን ባል ጉናር የተሰበረውን ሸራውን እያየ ቆሟል። ተጫዋች ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ ግን ጨዋታው አልመጣለት ብሏል።

«ትናንት ማታ ምን ስትሠሩ አመሻችሁ?»

«ስንመርጥ። ዓመት ዓመት አንድ ማታ እሳት ዳር ቁጭ እንልና የሚመጣውን የብርድ ወራት የት እንደምናሳልፍ እንመርጣለን። ‹እዚሁ› ያለ የወንዝ ጠጠር፣ ‹የቴክሳስ ባሕር ዳር› ያለ ዛጎል ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል። በዝግ እጅ ነው፤ ማን ምን እንደጣለ አይታይም። የሚከፈተው ጠዋት ነው።»

«ለምን ማታውኑ አይከፈትም?»

«ቢራ ጠጥተን? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ተጣልተን እናድራለና!»

«ባሕር የፈለገው ማን ነበር?»

«ሎዌል ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ ‹በረሃ ሰለቸኝ› ሲል፣ ዛጎሏን በእጁ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። እሱ ያለው ደግሞ ቀርቶ አያውቅም፤ ጠዋት ቆርቆሮው ሲከፈት ሁሌም እሱ ያለው ነው የሚወጣው። ዛሬ ግን የመክፈት ወኔ ያለው ጠፋ።»

«ነፋሱስ መቼ ተነሣ?»

«ሊነጋጋ ሲል። ሸራዬ ሲቀደድ ባንኜ ወጣሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አለቀለት። የሎዌልን ሳየው ተጠቅልሎ ታስሯል። ‹ይሄ ሽማግሌ ቀደመኝ!› ብዬ ቀናሁ እኮ።»

ሮሳልቫ አንገቷን ቀና አደረገች። «ሰው የጎረቤቱን ሸራ ይጠቀልላል?»

«እንዴታ! የሰው ሸራ ሲቀደድ ዝም ብሎ የሚያይ ከኛ ጋር አይሰፍርም። ግን አስቀድመሽ ግድግዳውን በቡጢ መደብደብ አለብሽ። አለዚያ ባለቤቱ ሌባ መስሎት ጠመንጃ ይዞ ይወጣል።»

ጎማ የሌለው ቤት የዴልበርት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጉናርን የሸራ ክንድ ሽቦ እየጠመጠመ ይጠግናል። ማንም ሳይለምነው ነው፤ የማንንም ዕቃ ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ ነው።

«ነፋሱ ቀሰቀስዎት?»

«እኔን? እንኳን ነፋሱን ምኑንም አልሰማሁ። የቨርና ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ቤትዎ ጎማ የለውም።»

«አምና ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት ከሥር ተሰበረ። አሁን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነኝ።»

«በሙቀቱም ጊዜ?»

«በሙቀቱም። በሐምሌ እንሽላሊት እንኳ እዚህ አይቆይም። እነሱ እስኪመለሱ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር እከርማለሁ። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ እዘፍናለሁ።» ሳቀ። ሮሳልቫ አልሳቀችም፤ አንጀቷን በላት።

«ባሕር ዳር ቢመረጥስ?»

ሽቦ የሚጠመጥመው እጁ ቆመ። «የአብላጫው ነው። ምን ይደረጋል?»

«ሸራስ የለዎትም?»

«ከተቀደደ ቆየ። የሎዌል ሸራ ሥር ነው የምቀመጠው፤ ወንበሬም እዚያው ነው የሚያድር።»

ሮሳልቫ ወደ ወንበሩ ሄደች። የስፖንጅ ትራሱን ገልብጣ አየችና እንደነበረ መለሰችው። ጣቷን በሱሪዋ ጠረገች። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ነገር አወቀች፤ ማወቋም ደስ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ የሎዌልን ሸራ ራሷ ዘርግታ አራቱንም ከሥሩ ሰበሰበቻቸው። የሚጣለው በድምፅ እንዳይለይ ውስጡ ጨርቅ የተነጠፈበት ቆርቆሮ መሐል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ራቅ ብለው ቆሙ።

«ሎዌል በማሞቂያው ጭስ ነው የሞቱት» አለች። «ማሞቂያው ግን ደኅና ነው፤ ሰው የሚገድለው አየር መግቢያ ሲያጣ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹም ጠዋት ክፍት ነበሩ። እንግዲህ ሌሊት የደፈናቸው ሰው አለ ማለት ነው። መስኮቱን ከውጭ ገፍቶ ዘጋው፤ የጣሪያውን መተንፈሻ በትራስ ከደነው። ሊነጋጋ ሲል ተመልሶ ሁለቱንም ከፈታቸው።»

«አምላኬ!» አለች ሻርሊን። «ቨርና ብትኖርበትስ ኖሮ?»

«እንደሌሉበት ያውቃል። እሳቸውን ሊጎዳ አልፈለገም። ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ነው ነፋሱ የተነሣው። ትናንት ማታ እዚህ ሸራ ሥር ስትመርጡ አመሻችሁ፤ ጠዋት ግን ጉናር ተጠቅልሎ አዩት። ሎዌል ከእኩለ ሌሊት በፊት ሞተዋል። የሞተ ሰው ሸራ አይጠቀልልም።»

ሮሳልቫ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጉናርና ሻርሊን ቢሆኑ ኖሮ የራሳቸውን ያስቀድሙ ነበር። ቨርና ክንዳቸው አይችልም፤ ከሻርሊን አጠገብም አልተነሡም። የራሱ ሸራ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው።»

ዴልበርት ቀና አለ። «እሺ፣ ነፋሱን ሰምቼ ጠቀለልኩት እንበል። ጥፋት ነው?»

«አይደለም። ግን ምንም አልሰማሁም ብለውኛል። ደግሞስ ለምን ግድግዳውን አልደበደቡም? ከደጃፍዎ ሲወጡ ቀድሞ የሚገኘው የጉናር ሸራ ነው፤ ያ ሲቀደድ ለምን አለፉት? የጉናርን ለመጠቅለል ጉናርን መቀስቀስ ግድ ነው፤ ከነቃ ደግሞ ያይዎታል። የሎዌልን ግን ያለ ፍርሃት ጠቀለሉ፤ እንደማይነቁ ያውቁ ነበራ። የወንበርዎ ትራስ ከሥሩ የጣሪያ ዱቄት ተለቅልቋል።»

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ ዴልበርትን ያወጣው ክፉ አመል ሳይሆን ደግ አመሉ ነው።

«የገደልከውን ሰው ሸራ!» አለ ጉናር። «አንተ ሰውዬ፣ የገደልከውን ሰው ሸራ ምን ብለህ ትጠቀልላለህ?»

«ታዲያ ሲቀደድ ዝም ብዬ ልየው?» አለ ዴልበርት። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ከዚያ በኋላ መሸሸግ አልሞከረም። «ሎዌል ያለው ቀርቶ ያውቃል? ባሕር ካለ ባሕር ነው። እሱ ከሌለ ግን እናንተ እዚሁ ትመለሱ ነበር። አንዱን ሐምሌ እንደምንም ቻልኩት፤ ‹ይመጣሉ› እያልኩ ነዋ! የማይመጣ ሰው እየጠበቅኩ ሁለተኛውን…»

«ቆርቆሮውን ክፈችው፣ ልጄ» አለች ቨርና።

ሮሳልቫ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ጠጠር። ሌላ ጠጠር። አምስቱም የወንዝ ጠጠር ነበሩ። ዴልበርት እጁን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቶ የጨርቁን ሥር ዳሰሰ፤ ገልብጦም አራገፈው።

«ዛጎሏስ?»

ሮሳልቫ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበረች። አልጣሏትም።»

«ባሕር ባሕር የሚለው ለኔ ብሎ ነው» አለች ቨርና። «ከልጅነቴ ጀምሮ የባሕር ነገር አይሆንልኝም። ትናንት ከመምረጣችን በፊት ‹ያን ሰው እዚህ ብቻውን ጥለነው ልንሄድ ነው?› ስለው ዝም አለኝ። ሎዌል ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው።»

«እኛም ጠጠሩን ለሱ ብለን ነው የጣልነው» አለች ሻርሊን፤ ዴልበርትን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ፖሊሶቹ ዴልበርትን በብብቱ ይዘው አነሡት። መኪናው ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«የቤቴ በር አይገጥምም» አለ። «ነፋስ ሲመጣ በገመድ እሰሩልኝ፤ ይሰበራል።»

ሮሳልቫ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ ይዛ እንዲህ የከፋት ግን የለም።

በማግሥቱ ቨርና የሎዌልን ሬሳ ይዛ ወደ ሰሜን ሄደች። ጉናርና ሻርሊን እስከ ከሰዓት ቤታቸውን ከመኪናቸው ጋር ሲያያይዙ ዋሉ። ለከርሞ የት እንደሚሆኑ አልተነጋገሩም፤ እዚህ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል። ሊነሡ ሲሉ ከወንዙ በኩል ነፋስ መጣ፤ የዴልበርት በር ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ይላተም ጀመር። ጉናር ሞተሩን አስነሣና ወደ በሩ አየ።

«ልሰርለት እንዴ?» አለ።

«ንዳ» አለች ሻርሊን፤ ነዳው።