ሙዓዊያ ያልተኛባቸው ሰዓታት

ጀማሉዲን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። የታጠፈ ወረቀት ከሳህኑ ሥር ትቷል።

«ሁሉም እዚያ ላይ አለ» ብሎ ወጣ።

የአዋሹ ምግብ ቤት በጭነት መኪና ሾፌሮች ጢም ብሏል። በመታወቂያው አምባዬ የሚባለው የመንግሥት ሰላይ ወረቀቱን ሸጎጥ አድርጎ ተከተለ። ሰመራ ባለው የመንገድ ካሜራ ጣቢያ ነዳጅ መዝጋቢ ሆኖ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ጀማሉዲንና መሰል የመሣሪያ አሻጋሪዎች በእጃችን ያለ ሰው ነው ብለው ያምኑታል።

መኪናው ውስጥ ገለጠው።

የገዛ እጅ ጽሑፉ ነበር።

ወይ ጉድ! ይህን ሠንጠረዥ የሠራው እሱ ነው። ጣቢያው ሁለት ጄኔሬተር አለው። ዋናው ሲጠፋ ተጠባባቂው ራሱ ይነሳል፤ ሁለቱም ከቆሙ ካሜራዎቹ ይጨልማሉ። ጠጋኙ ግን ሙዓዊያ ብቻ ነው፤ እሱ ተጠባባቂ የለውም። አምባዬ ሰውየው ሳይተኛ የሠራባቸውን ሰዓታትና ስሕተቶቹን ወራት ሙሉ መዘገበ። አሥር ሰዓት እስኪሠራ ድረስ እጁ እንከን የለውም። ሃያ ሰዓት ካለፈው ግን ተጠባባቂውን ሲፈታ በራሱ የሚያስነሳውን ማብሪያ መዝጋት ይረሳል። ሦስት ጊዜ አምባዬ ራሱ ቀስ ብሎ ዘግቶለታል። ሠንጠረዡን ለስለላ አለቃው ለ«ዋርካ» የሰጠው ሁለተኛ ጠጋኝ እንዲቀጠር ብሎ ነበር። ለሌላ ማንም አላሳየም።

ከግርጌው በሌላ እጅ ተጨምሮበታል፦ ሰኞ ጠዋት ናፍጣው ላይ ውሃ፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ዋናውን አጥፋ። ተጠባባቂው በሙዓዊያ እጅ ላይ ተነሥቶ ይሰበራል፣ ካሜራዎቹ ይጨልማሉ፣ የመሣሪያ መኪናዎቹ ሳይታዩ ያልፋሉ፤ ጥፋቱም የእንቅልፍ አጡ ጠጋኝ ይባላል።

የበላበትን ወጪት ሰባሪው ዋርካ ነው።

ከዋርካ በላይ ወዳሉት ሰው ደወለ። እንዳላወቀ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ለሙዓዊያም ትንፍሽ እንዳይል ታዘዘ። እሺ አለ። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ታንገበግበዋለች።

ሰኞ ውሃውን ጨመረ። ሙዓዊያ ዋናውን ሲፈታ ዋለ፣ ሲገጥም አደረ። ማክሰኞ ዓይኑ ፍም መስሎ ያንኑ ናፍጣ ሲጠጣ ወዳደረው ተጠባባቂ ዞረ። አምባዬ ሻይ ሲወስድለት መረቀው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አለ አምባዬ በልቡ።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ዋርካ መጣ።

«ሰዎቻችን መኪናዎቹን ሊይዙ ሰርዶ ላይ እየጠበቁ ነው» አለ። እየዋሸ ነበር። በሌላ ትእዛዝ በእርግጥም እየጠበቁ እንደሆነ ግን አላወቀም።

አምባዬ ማብሪያውን ሊያይ ተነሳ።

«ወዴት?»

«ሙዓዊያን አንድ ነገር ልጠይቀው።»

«ተቀመጥ። አጥፋ።»

አንዴ ቢጣራ ሙዓዊያ ይተርፋል። ዋርካ ያመልጣል፣ መሣሪያውም አቅጣጫ ይቀይራል።

አጠፋው።

ተጠባባቂው ሙዓዊያ እጁን እንደሰደደበት ተነሳ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ።

መኪናዎቹ ሰርዶ ላይ ተያዙ። ዋርካም ከጣቢያው ግቢ ሳይወጣ እጁ ካቴና ገባ። የማራገቢያው ቺንጋ፣ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ የሙዓዊያን የቀኝ እጅ አራት ጣቶች ወሰደ።

ሆስፒታል ሲጠይቀው ሙዓዊያ አንድ ነገር ለመነው።

«ቃሌን ጻፍልኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ነፍሴ ተርፋለች። ጥፋቱ የኔው ነው በል፤ ማብሪያውን ሳልዘጋ ነው የገባሁት። በኔ የተነሳ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ።»

አምባዬ ጻፈ። ሙዓዊያ በግራ እጁ አውራ ጣት ፈረመ። አምባዬ ደግሞ ምስክር ብሎ፣ የሱ ባልሆነ ስም ፈረመበት።

በማግስቱ በሌላ መታወቂያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ገዋኔን አለፈ። ሙዓዊያ ግን ዛሬም ድረስ ለጠያቂው ሁሉ፣ በዚያ ጣቢያ እንደ ወንድም ያየኝ አምባዬ ብቻ ነበር ይላል አሉ።