ቢጫው የባሕር ፈረስ

ሟቹ ቁመቱ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ፊቱ የፈረስ፣ ጅራቱ ጥቅልል፣ ቢጫ ገላው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ተንሳፏል።

ነጋዴው ኸሊል ከምጽዋ በሕይወት ካመጣው ስድስት ቀኑ ነው። የባሕር ፈረስ የሚያረግዘው ወንዱ ነው ከተባለ ወዲህ የጎንደር ሴት ሱቁን አጥለቅልቆት፣ የጎንደር ባል በጣት በሚያህል ዓሣ ሲቀና ሰነበተ።

መርማሪው አምሳ አለቃ ቢያዝን ሲደርስ፣ ኸሊል ሠራተኛውን አበቡን ጓዟን አስይዞ ደጅ አቁሟት ነበር።

«ትናንት እኔ አዘዞ ጭነት ሳስወርድ ቤት የነበረችው እሷ ናት! ዛሬውኑ ወደ አገሯ አዲ አርቃይ ትሄዳለች!»

«ቀስ በል። ዓሣውን የሚጠላው ማን ነው?»

«እኔ!» አለች ሚስቱ ዙሌይካ። «ለእኔ እንዴት አደርሽ ሳይል ለእሱ ሰላምታ! ግን ከትናንት ጀምሮ ፀዳ ከተማ፣ እኅቴ ዘንድ ነበርሁ።»

ጎረቤቱ ዐብደላ፣ ተምር ሻጩ፣ ፊቱን አዞረ። «እኔ እንኳ አይቼውም አላውቅ።»

የዐብደላ ሚስት ዙበይዳ ሳቀች። «ወንድ ማለት ይህ ዓሣ ነው ካልሁት ወዲህ በዚህ ደጅ መቼ ያልፋል!»

ቢያዝን ጠርሙሱን አየ። ውሃው ጥርት ብሎ እስከ አፉ ሞልቷል። ጣቱን ነክሮ ላሰ። ከሥር የወደቀ ቡናማ ፍርፋሪ በማንኪያ አውጥቶ አሸተተ።

«አበቡ፣ ውሃውን ማን ይቀይራል?»

«እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት፣ አያ ኸሊል ከባሕሩ ሞልተው ካመጡት በርሜል። አንዴ ብቀምሰው ጨዉ ምላሴን ላጠው!»

«ትናንትስ ወጥተሽ ነበር?»

«ውሃ ልቀዳ ቀሐ ወንዝ ወረድሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ።»

ቢያዝን ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበ።

«ይህ ውሃ ጨው የለውም፤ የጎንደር ውሃ ነው። የባሕር ፍጥረት በዚህ አይኖርም። አበቡ ይህን ታውቃለች። ዙሌይካም የባሏን ወሬ እስኪሰለቻት ሰምታለች፤ ደግሞ ፀዳ ነበረች። የማያውቀው፣ በቅናት ወሬውን እንኳ አልሰማም ያለ ሰው ነው። ፍርፋሪው ተምር ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ ለሟቹ ምሳ አይዝም።»

ዐይን ሁሉ ዐብደላ ላይ ዐረፈ።

«ወላሂ ልሰድበው ነበር የገባሁት!» አለ ዐብደላ። «አንድ ዐይኑን ወደ እኔ፣ አንዱን ወደ በሩ አዞረ። እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ውሃው ደፍርሶ አሳዘነኝ፤ ቀየርሁለት።»

ኸሊል ሊጮህበት ሲል ቢያዝን ቀደመው። «በርሜሉ ውስጥ ለስንት ቀን የሚበቃ ውሃ ቀርቶ ነበር?»

«ለሁለት።»

«ከዚያስ?»

ኸሊል አንገቱን ደፋ። «ምጽዋ ከባሕር ያወጣልኝ ጠላቂ ‹ተወው፣ ሚስቱ ማለዳ ማለዳ ትፈልገዋለች› ብሎኝ ነበር።»

«የሰው ባል ነጥቀህ ነው እንዴ ያመጣኸው?» ዙሌይካ ጮኸች። «ለሚመጣው ወር ደግሞ ዐሥር ሊጨምር ነበር!»

«አንድም አላመጣ! ማየት የሚፈልግ ማኪናዬ ላይ ይውጣና እዚያው አይቶ ይመለስ። አበቡ፣ ይቅር በይኝ።»

«ጋቢና ካስቀመጡኝ» አለች አበቡ፣ ጓዟን ሳትለቅ።

በወሩ ዐብደላ ምጽዋ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጅራት ለጅራት የተያያዙ ሁለት ቢጫ ፈረሶች ያይ ነበር።

«ዛሬስ በማን ቀናህ?» አለችው ዙበይዳ።

«በሁለቱም» አላትና፣ አንድ እጁን ፈትቶ የእሷን ያዘ።