በዶክተር ናራያን ራስጌ የተገኘው ኮሶ

ዶክተር ናራያን አልጋው ላይ ተንጋሎ ሞቷል። ራስጌው ላይ የኮሶ ዝቃጭ ያለበት ጣሳ ተቀምጧል፤ ከንፈሩንና የሸሚዙን ደረት ኮሶ ነክቶታል። የዲላው አዛዥ ካፒቴን ሩጄሪ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አስተርጓሚው ገብረኪዳን ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ከቶ አጠገቡ ይንጎራደዳል።

«ኮሶ በዝቶበት ነው» አለ ገብረኪዳን። «በጥብጣ የሰጠችው የቤቱ ሠራተኛ የሺሃረግ ናት። ካፒቴኑ ዛሬውኑ ገበያ መሐል ትሰቀል ብሏል። አንተን የጠራንህ ሕዝቡን እንድትሰበስብ ነው።»

«ተማርኩባት የምትላት ካይሮ አንቱ ማለት አያስተምሩም መሰለኝ» አሉ ተጠርተው የመጡት ባሻ ወልዱ።

ባሻ ወልዱ ጣሊያን ሳይገባ የዲላ ገበያ ዳኛ ነበሩ። ሹመታቸው ቢቀማም ምላሳቸውን የቀማቸው አልነበረም። ሬሳው ላይ አጎንብሰው አፉን ከፈቱ። ምላሱ ላይ ቅንጣት ኮሶ የለም። ጥርሱ ላይ ደም አለ፤ ከንፈሩም ድዱም ግን አልቆሰለም። ነገሩን ዋጥ አድርገው ቀና አሉ።

«ለካፒቴኑ ንገርልኝ። ሰው ከመሰቀሉ በፊት አውጫጭኝ እንቀመጥ። የዲላ ሰው ተሰብስቦ ያወጣውን ነገር መልሶ አያነሳም።»

ገብረኪዳን እየሳቀ ተረጎመ። ካፒቴኑም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ብሎ ፈቀደ።

የሺሃረግን ያሰሯት መጋዘን ውስጥ ነው። ባሻን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ከገበያ ስመለስ አፈፍ አደረጉኝ። ገደልሽው አሉኝ እንጂ እንዴት እንደሞተ እንኳ የነገረኝ የለም። አፈር ልብላ ባሻ፣ እኔ ጌታዬን!»

«ምን ነበር የምታበስዪለት?»

«ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ከቆጮ ጋር። ሌላ አያውቅም።»

ያን ጠዋት በር ጠባቂዎቹ የጣሊያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ወደ ግቢው ያስገቧቸው ሁለት ሰዎች አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሐኪም ደመላሽና ነጋዴው አህመድ። ባሻ መጀመሪያ ወደ ደመላሽ ዞሩ።

«ዶክተሩ ሲሞት የአገር መውጫው ይለፍ ላንተ ይሆናል ይባላል።»

«ይባል!» አለ ደመላሽ በቁጣ። «ቤሩት ተምሬ ብመጣ ጣሊያን ክሊኒኬን ዘጋብኝ። ናራያንም ቦምባይ ተምሮ ያው ነው የገጠመው። ወይ ሮም ሄደህ እንደገና ተፈተን፣ ወይ የጣሊያን ሐኪም ፋሻ ተሸከም፣ ወይ አገር ልቀቅ አሉን። መውጫው በሞያሌ ነው፤ ኬንያ ያለው እንግሊዝ ሐኪም ይቀበላል። የመጣው ይለፍ ግን የአንድ ሐኪም ብቻ ሆነና ለእሱ ተሰጠ። ቀንቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሰው አልገድልም።»

«አንተስ?»

«በካሚዮኔ ሞያሌ ላደርሰው ነበር፤ ጠዋት የመጣሁት ለዚሁ ነው» አለ አህመድ።

«እስላምና ክርስቲያን ሆናችሁ ከሱ ቤት ትበላላችሁ አሉ።»

«እንበላለን! የማን እርድ ነው የሚል ጠብ የለማ። ሥጋ ከቤቱ አይገባም፣ ባፉም አይዞርም፤ ሃይማኖቱ ነው። ዲላ ውስጥ እኔና ደመላሽ አብረን የምንጎርስበት ገበታ የእሱ ብቻ ነበር።»

የቀረው እዚያው ግቢ የሚያድረው ገብረኪዳን ነው። ካይሮ ሕክምና ተምሬያለሁ ይላል፤ ካይሮን ግን ያያት በፖስታ ካርድ ነው። ለጣሊያን ስንቱን አሳልፎ ስለሰጠ አርበኞች በስሙ ዝተዋል፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

«ዶክተሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር?» አሉት ባሻ።

«የማይጠጣ ማን አለ? በየሁለት ወሩ ይጠጣል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«አብረኸው በልተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ከአረመኔ ጋር? እግዜር አያምጣው!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የገብረኪዳን ግን አላደረም።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ገበያው ላይ ተሰበሰበ። ገመዱ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሺሃረግ እጇን ታስራ ሥሩ ቆማለች።

«ሐኪም ደመላሽ» አሉ ባሻ፣ «ፈረንሳይኛ ታውቃለህ፤ ካፒቴኑም ይሰማል። ዛሬ አንተ ተርጉም።»

«አስተርጓሚው እኔ ነኝ!» ሲል ጮኸ ገብረኪዳን።

«ነገሩ ስላንተ ነውና አፍህን አሳርፈው።»

ካፒቴኑ ግንባሩን ቋጠረና ደመላሽን በእጁ ጠራው።

«ኮሶ የጠጣ ሰው ምላሱ ይመሰክራል» ብለው ጀመሩ ባሻ። «የዶክተሩ ምላስ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ኮሶው ከሞተ በኋላ የተቀባ ነው። ጥርሱ ላይ የሰው ደም አለ፤ ሲያፍኑት የገዳዩን እጅ ነክሷል። ለመሆኑ፣ ወገኖቼ፣ ኮሶ ከምን ይመጣል?»

«ከጥሬ ሥጋ!» አለ ሕዝቡ እየሳቀ።

«ናራያን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። ታዲያ ምን ሊያሽረው ነው ኮሶ የሚጠጣ? ጣሳውን ያስቀመጠው ሰው ይህን አያውቅም። እኛ ዘንድ ኮሶ የማይታይበት የለምና ፍጥረት ሁሉ እንደኛ መሰለው! የሺሃረግ ታበስልለታለች፤ ታውቃለች። አህመድና ደመላሽ ከገበታው አይጠፉም፤ ያውቃሉ። ጠዋት ግቢው ውስጥ ከነበሩት የማያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሲጠጣ አይቻለሁ ብሎ ዋሸኝ። አንተ ሐኪም ነኝ ባይ! ሐኪም እኮ አስቀድሞ ምን ትበላለህ ብሎ ይጠይቃል። በል፣ ግራ እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ገብረኪዳን ሊሮጥ ሲል አስካሪዎቹ ያዙት። እጁን ጎትተው ሲያወጡት መዳፉ ላይ ጥርስ የበሳው ቁስል ገና እርጥብ ነበር።

«እኔስ መውጫ አያሻኝም?» ብሎ አለቀሰ። «ዛሬ ነገ ያርዱኛል! ለእናንተ ስል የአገሬ ጠላት ሆኜ ይለፉን ለህንድ ትሰጡ?»

ደመላሽ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎመው። ካፒቴኑ ይለፉን ከደረት ኪሱ አወጣ። ደመላሽ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ካፒቴኑ ግን ወረቀቱን ቀደደና መሬት ላይ በተነው።

«ሐኪሙ ሞቷል» አለ ካፒቴኑ፤ «ይለፉ አብሮት ሞቷል።»

ደመላሽ ይህን አልተረጎመም፤ ማንም አልጠየቀውም።

የሺሃረግን ፈትተው ገብረኪዳንን በቦታዋ አቆሙት። ሴቶቹ ነይ እንሂድ ብለው ሲጎትቷት እምቢ አለች። አንጓዋን እያሸች ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«በደጃችን ባለፍክ ቁጥር ና ግባ፣ ብላ ይልህ ነበር» አለችው። «እኔም ትዕቢትህ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። አንዲት ቀን እንኳ ገብተህ ጎርሰህለት ሥጋ እንደማይበላ ብታውቅ ኖሮ፣ ዛሬ የምሰቀለው እኔ ነበርኩ።»