ሦስት የአንጀት ክሮች

ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.፣ ሰኞ ማለዳ፣ የራያ ሜዳ ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ቆቦ ከተማ ዳርቻ ድረስ አመድ መስሎ ተኝቶ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ሁለት ጊዜ አካፍቶ ጠፍቷል፤ ማሽላ የዘራው ገበሬም ቡቃያው በቁሙ ሲጠወልግ እያየ፣ ሰማዩን መውቀስ ኃጢአት ስለሆነበት ዝም ብሏል። በአውራ ጎዳናው ላይ ከሰሜን የሚመጡት የጦር ካሚዮኖች ቁስለኛ ጭነው ይወርዳሉ፤ ከደቡብ በጎብዬ በኩል የሚመጡት ደግሞ አዲስ ምልምል ጭነው ይወጣሉ። በመጋቢት ወር በሰሜን ግንባር የሆነውን ሽንፈት ራዲዮ ባይናገረውም፣ የካሚዮኖቹን ምልልስ ያየ ሁሉ ገብቶታል።

በዚያ ማለዳ በድረዲን ይመር የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ከቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው ቀን በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ይመዝናል፤ ማታ በራያና ቆቦ አውራጃ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይመታል። ጊታሩ በ፲፱፻፷፯ ለዕድገት በኅብረት የዘመተ አንድ ተማሪ ለልጁ በድረዲን አስተምሮበት ጥሎት የሄደ ነው፤ በኋላ በቡድኑ ንብረትነት ተመዘገበ እንጂ የሚያድረው እዚያው በድረዲን ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። በዚህ ጊታር በሰባ ሰባት ረኀቡን ሸሽቶ ወደ ሰፈራ የሚጫነውን ሕዝብ ሸኝቶበታል፤ ከዚያም በየዙሩ የሚሄደውን ዘማች ሸኝቶበታል። የሸኘው ሰው ሲመለስ ያየው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ከአራት ወር በፊት ከስድስቱ ክሮች ሦስተኛው ሲበጠስ ቅር አላለውም፤ ሰልችቶት ነበርና።

የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ጓድ ተሾመ በዚያ ማለዳ መጣ፤ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ ብሎ፣ ካኪ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ጓድ በድረዲን፣ ቅዳሜ የዘማቾች ሽኝት አለ። ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ።»

«ሰምቻለሁ፣ ጓድ ተሾመ።»

«የቀበሌያችሁ ኮታ አንድ ሰው ጎድሎታል። እዚህ ቤት ሁለት ወንዶች ናችሁ፤ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ ተብሏል። አንተን የኪነት አባል ነው እያልሁ እስካሁን አቆይቼሃለሁ። ግን ጊታሩ ከተሰማ አራት ወሩ ነው። እንግዶቹ ቅዳሜ ጊታር ካልሰሙ፣ ጊታር መቺ ነው ብዬ በምን አፌ አስቀርሃለሁ?»

«የቀረው ሦስት ክር ነው። ደሴም አስፈልጌ አጣሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ጊታሩ ከጮኸ ወንድምህ ይሄዳል፤ ካልጮኸ አንተ ትሄዳለህ። የታዘዝሁትን ነው የነገርሁህ።»

ተሾመ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮታው ካልሞላ እሱም ተጠያቂ ነበር። የዚያ ዘመን ክፋት ትልቁ ክፍል የተሠራው ክፉ ባልሆኑና እንቅልፍ ባጡ እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። ኮፍያውን አጠለቀና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

በድረዲን ወደ ቤት ገብቶ ጊታሩን ከግድግዳው አወረደ። ሚስቱ ዚነት የሦስት ወር ሕፃን ታጠባለች፤ ትልቁ ልጅ ከእግሯ ሥር ይጫወታል፤ እናቱ ሲቲ ምስር ትለቅማለች። ጊታሩ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ሲፈታ ሽታው ከወተት ዕቃ ሽታ የማይለይ ሆነበት፤ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት እንጨትም ከጊታሩ ሆድ ላይ ተላቆ በሦስቱ ክሮች ብቻ ተንጠልጥሏል።

«እማ፣ ይኸን ነገር ምን ነካው?»

«ምን ነካው? ቅቤ ነው እንጂ» አለች ሲቲ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል። «እንጨቱ በዚህ ሐሩር እንዳይሰነጠቅብህ በየአረፋው እቀባዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካመጣኸው ጀምሮ ነዋ። የወተቱን ቅል ስቀባ እሱን ምን በደለኝ ብዬ ልለፈው?»

ዚነት ሳቀች፤ በድረዲንም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። ራያ ቅቤ የማይቀባው ነገር የለም፤ የልጃገረዷን ጸጉር፣ የአራሱን ሕፃን ገላ፣ የጠመንጃውን ማንገቻ ሁሉ ይቀባል፤ ቅቤ ያልነካው ነገር እንደ ተጠላ ይቆጠራል። ሲቲም ልጅዋ የሚወደውን ዕቃ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በፍቅር ስትቀባ፣ ቅቤው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ማጣበቂያውን እንደሚያሟሟው የሚነግራት አላገኘችም።

ሳቁ ሲያልፍ በድረዲን ቀለል አለው። ጊታሩ የሚጮህ አይደለም፤ እንግዲያው የሚመረጥ ነገር የለም። ዕቃውን ግድግዳው ሥር አስደገፈና «አይሠራም። የምሄደው እኔ ነኝ» አለ። ዚነት ሕፃኑን ከጡቷ ነጠቀችው፤ ሲቲም የለቀመችውን ምስር መልሳ ካልተለቀመው ጋር ደባለቀችው።

ታናሽ ወንድሙ አባይ ጀምበር ሳትጠልቅ ከእርሻ ተመለሰ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ገና አላገባም፤ ጅራፍና ገመድ በመግመድ፣ ለሠርግ ዘፋኞችም የክራር ክር ከበግ አንጀት በማበጀት በሰፈሩ የታወቀ ነው። የሆነውን ሁሉ ከሲቲ ከሰማ በኋላ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጣቱ ዳሰሰው።

«የተላቀቀው ይኸ እንጨት ብቻ ነው። ቅቤው ከወጣለት ኮላ ይይዘዋል።»

«ተወው፣ አባይ» አለ በድረዲን።

«የጎደለው ክር የትኛው ነው?»

«ቀጫጭኖቹ ሦስቱ። ተወው አልሁህ።»

«ነገ ለዝናቡ ዱአ በግ ይታረዳል አይደል? አንጀቱ የኔ ነው።»

«የጊታር ክር አንጀት አይደለም።»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ክራሩ በምን ይጮኻል?»

«ይኸ ጊታር ከጮኸ ማን እንደሚሄድ ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል። አንተ ብትሄድ ከዚህ ቤት አራት ሰው ሄደ ማለት ነው፤ አንተ፣ ዚነት፣ ሁለቱ ልጆች። እኔ አንድ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ወንድምዬ።»

«ታላቅህ እኔ ነኝ። መሄድም የኔ ነው።»

«ታላቄ ከሆንህማ ያንን ላምባ አቀብለኝ፤ ክሮቹ ዝገዋል።»

በድረዲን ላምባውን አላቀበለውም። አባይ ራሱ ተነሥቶ አመጣው፤ የቀሩትን ሦስት ወፋፍራም ክሮች ፈታቸው፤ በላምባ በራሰ ጨርቅ ዝገቱ ቡናማ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻቸው። ከዚያ ምድጃው ውስጥ ያለውን ለብ ያለ አመድ በጊታሩ ሆድ ላይ ነሰነሰ፤ አመዱ ቅቤውን ጠጥቶ ሲጠቁር ጠረገና ሌላ ነሰነሰ፤ በማግሥቱም በእንዶድ አረፋ በስሱ አጠበውና ጥላ ሥር አደረቀው። ከአሥራ ሦስት ዓመት ቅቤና ጢስ በታች የእንጨቱ እውነተኛ መልክ ወጣ፤ የማር ቀለም ነበረው፤ ዚነት እንዲህ ያማረ ዕቃ ቤቷ መኖሩን አላውቅም ነበር አለች።

ማክሰኞ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ዱበርቲ የሚባሉት መራቂ እናቶች መርቀው፣ ለዝናብ ዱአ ተደረገ፤ ዝናቡ አልመጣም፤ አንጀቱ ግን አባይ እጅ ገባ። አጥቦ፣ በቢላዋ ጀርባ ፍቆ፣ ስቡን ለይቶ፣ ለቀጭኑ ክር አንድ፣ ለመካከለኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት ዘለላ እያደረገ ገመደው፤ ከቤቱ ምሰሶ እስከ አጥሩ ድረስ ወጥሮ፣ እንዳይኮማተር ከጫፉ ድንጋይ አንጠለጠለበት። የቆቦ ፀሐይ ለሌላ ነገር ምሕረት ባይኖራትም አንጀት ለማድረቅ የሚስተካከላት የለም፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስቱም ክሮች በጣት ሲነኩ ይዘምሩ ነበር።

ሐሙስ አባይ ከአናጺው ከገብሩ ኮላ አመጣ። የተላቀቀው እንጨት የነበረበት ምልክት ከቅቤው ጋር ታጥቦ ሄዷልና፣ በዓይኑ ለክቶ ሊያሳርፈው ጎንበስ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራውን ከሩቅ ሲያይ የሰነበተው በድረዲን በዚህ ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እንጨቱ ወደ ጊታሩ አንገት አንድ ጣት ያህል መጠጋቱንም አየ። በዚያ ቦታ ቢደርቅ ጊታሩ እስከ ዘላለሙ አይቃኝም፤ ክሩ ቢጠብቅም ቢላላም ድምፁ የተጣመመ ይሆናል፤ አባይ ክራር እንጂ ጊታር አያውቅምና ስሕተቱን ሊያውቀው አይችልም። በድረዲን ዝም ማለት ብቻ ነበረበት። ዝም ቢል ወንድሙ ይተርፋል፤ ማንም አይጠይቀውም፤ አላህም ቢሆን በዚህ የሚቆጣው አይመስለውም ነበር።

«እዚህ ላይ ነው?» አለ አባይ፣ ኮላው እንዳይደርቅበት እየቸኮለ።

በድረዲን ሕፃኑ ከጓዳ ሲያለቅስ ሰማ። ዚነት የምታባብልበትን ድምፅ ሰማ። ለመኖር ፈለገ፤ ይህን መፈለጉን እንደዚያች ሰዓት በግልጽ አውቆት አያውቅም ነበር፤ አፈረበትም። እጁን ዘርግቶ እንጨቱን አንድ ጣት ወደ ታች ገፋው።

«እዚህ ነው» አለ።

አባይ ቀና ብሎ አየው፤ የወፍጮውን መጅ አምጥቶ እንጨቱ ላይ ጫነበትና እጁን በሱሪው ጠረገ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ክሮቹን አሰሩ። አባይ ያሥራል፤ በድረዲን ይቃኛል፤ የአንጀቱ ክር ገና ስለሚሳብ ደጋግሞ ማጥበቅ ያስፈልግ ነበር። ስድስቱም ክሮች አንድ ላይ ሲመቱ ሲቲ ተነሥታ ወጣች፤ ዚነትም ተከትላት አጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት።

«አንዱን ምረጪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አልሃምዱሊላህ» አለች ሲቲ። «ቢጠይቁኝ ምን እል ነበር? ይኸን ሳስብ ከሰኞ ጀምሮ አልበላሁም፣ ልጄ። ደክሞኛል።»

«አብሽሪ፣ እማ» አለች ዚነት፤ የተረፈው የሷ ባል ነበርና የአማትዋን ዓይን ለማየት ከበዳት።

ቅዳሜ ግንቦት ፳ ቀን በከተማው ሜዳ ላይ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ከደሴ የመጡት እንግዶች በጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ንግግር ተደረገ፤ ጭብጨባው በትእዛዝ ተጀምሮ በትእዛዝ ቆመ። አባይ ጸጉሩን ተላጭቶ በሦስተኛው ረድፍ ቆሟል። በድረዲን መምታት ሲጀምር ድምፁ ከወትሮው ልዩ ሆነ፤ ወፋፍራሞቹ ክሮች የጊታር ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ ግን የራያን ክራር የሚመስል ለስላሳ ድምፅ ሰጡ፤ በሜዳው ዳር ያሉ ሽማግሌዎችም ሳያስቡት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመካከሉ ሐሩሩ ቀጭኑን ክር አላላው። በድረዲን ሰምቶታል፤ መምታቱን ግን ቀጠለ። ያን ጊዜ አባይ ከሰልፉ ውስጥ፣ ሰልፉን የሚጠብቀው መቶ አለቃ ሳያየው፣ ሁለት ጣቶቹን ከፍ አድርጎ ጠምዘዝ አደረገ፤ ጠበቅ አድርገው ማለቱ ነበር። በድረዲን መቃኛውን አጠበቀ፤ ዘፈኑም እስከ መጨረሻው ደረሰ።

ካሚዮኖቹ ዘማቾቹን ጭነው በዋጃ መንገድ ወደ ሰሜን ሄዱ። ጓድ ተሾመ መጥቶ እንግዶቹ መደሰታቸውን ነገረው፤ የበድረዲን ስምም ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በዓመቱ በየካቲት ጦሩ ትግራይን ለቆ ወጣ፤ ከዚያም ጦርነቱ ራሱ በቆቦ ላይ አለፈ፤ ስለ አባይ ግን ደብዳቤም መርዶም አልመጣም፤ ሲቲም እስክትሞት ድረስ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

የዚያ ቀን ሪፖርት ለበላይ አካል ሲተላለፍ፣ የአውራጃው ወጣቶች በደማቅ ኪነት ታጅበው በገዛ ፈቃዳቸው ዘመቱ ይል ነበር። ቆቦ ይህን ሰምቶ ተሳለቀ፤ አንዱ ከገበያ፣ አንዱ ከሠርግ ቤት፣ አንዱ ከመስጊድ ደጃፍ መታፈሱን ሁሉም ያውቅ ነበርና። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ሌላ ታሪክ ጻፉ፤ በዚያ ቀን የተጫኑት ሁሉ ተገደው ሄዱ አሉ፤ ስለ አባይ ካልሆነ በቀር እውነታቸውን ነው። በድረዲን ግን አርጅቶም ቢሆን ሁለቱንም ታሪክ ሲሰማ ዝም ይላል፤ ወንድሜ በፈቃዱ ሄደ ቢል ያን የውሸት ሪፖርት ያጸደቀ ይመስልበታል፤ ተገዶ ሄደ ቢል ደግሞ አባይ ያደረገለትን መካድ ይሆንበታል።