ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም

የዛርማ መንግሥት አዋጅ ነጋሪ በአደባባዩ መካከል ቆሞ ነጋሪቱን ሦስት ጊዜ ጎሰመ። ከንጉሡ እስከ እንጨት ለቃሚው ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።

«ስሙ! የዘማቹ የአርዙን አሮጌ ካባ እጅጌው በአራት ጣት ሊያጥር ነው። ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም!»

ከዚያ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ውርጬ የሚባሉት የበረዶ መናፍስት የመንግሥቱን የማይጠፋ ፍም ከሰረቁ ስምንት ዓመት ሆኗል። ፍሙን ሊያስመልሱ የዘመቱት፣ አርዙንን ጨምሮ አርባ ሰዎች፣ አልተመለሱም። «ሞቱ» ማለት ግን ነውር ነው፤ የሚባለው «ዘገዩ» ነው። የዘገየ ሰው ልብስ ደግሞ አይቆረጥም። ሲመጣ ምን ይለብሳል?

ዘንድሮ በረዶው መስኮት ላይ ደረሰ። የአርዙን ልጅ ናዝራ ልሂድ ስትል የከለከላት አልነበረም። እናቷ ታውሊት የካባውን እጅጌ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በአንድ ጉተታ በሚፈታ ስፌት ሰፋችው፤ ከውስጥ የበግ ለምድ ገበር አደረገችለት። ሰፊውን የአባቷን ጫማ በሱፍ ጠቀጠቀችው። ናል መቺው ኮርባ አብሯት ሊሄድ ቆርጦ ነበርና፣ በረዶውን እንዲነክስ ሶሉን በፈረስ ናል ምስማር ወጋው። በመጨረሻ ታውሊት አንድ የግራ ጓንት አወጣች። አውራ ጣቱ በቀይ ቆዳ ተጠግኗል። የቀኙን እንዲሁ ጠግናለት ነበር፤ አርዙን ግን ግራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ነው የወጣው።

«እንዳትቀጂው። አባትሽ ሲመጣ ይጠይቀኛል።»

«እሺ እማዬ።»

ናዝራ በንጉሡ ፊት «ፍሙን ሳልይዝ ብመለስ ጥላዬ ይካደኝ» ብላ ማለች። ንጉሡም የዘገዩትን ሰላም በሉልኝ ሲሉ አደራ አሏት።

በሦስተኛው ቀን፣ በተራራው ወገብ ላይ፣ የአርዙን ድምፅ ተሰማ።

«ልጄ፣ ካባዬን። በርዶኛል።»

«ውርጬ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» አላት ኮርባ። ናዝራ ጥቂት ተራመደች።

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ ከፊታችን ነው።»

ኮርባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ምስማር መፈተሽ ጀመረ።

ዋሻው ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙ እንደ ጨው ነጥተው ቆመዋል። አርዙን ተቀምጧል፤ ፍሙ ጭኑ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊቱን አሙቆት፣ ምሳ በልቶ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስላል። ውርጬዎቹ ዙሪያውን ተኮልኩለው ይሞቃሉ።

«ካነሳሽው እሱም እንደ ሌሎቹ ይሄዳል» አለ ኮርባ በቀስታ።

ናዝራ አጠገቡ ትንሽ ተቀመጠች። ጓንቱን ከቀኝ እጁ አውልቃ በራሷ እጅ አጠለቀችው፤ ፍሙንም አነሳች። ውርጬዎቹ እንደ እንፋሎት በነኑ። የአባቷ ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ እያለ ነጣ። የጠራት ድምፅ ዳግመኛ አልተሰማም።

በዛርማ አደባባይ ፍሙን በሁለት እጆቿ ከፍ ስታደርግ በረዶው ከጣሪያዎቹ መንጠባጠብ ጀመረ። ንጉሡ ድሉን በረጅም ንግግር አወደሱ፤ ቀጥለውም የዘገዩት መቼ እንደሚደርሱ ጠየቁ። አዋጅ ነጋሪው መልሱን ሊያውጅ ነጋሪቱን አነሳ።

ታውሊት የምታየው የልጇን እጆች ነበር። ሁለት ጓንት፣ ሁለት ቀይ አውራ ጣት።

ናዝራን ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ከመቀነቷ መቀስ አውጥታ ስፌቱን ሳትፈታ የእጅጌውን የታጠፈ አራት ጣት ዙሪያውን ቆረጠችው። ጨርቁ በረዶው ላይ ወደቀ።

አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን መልሶ አወረደ። ከዚያ አጠገቧ የቆመችው፣ ባሏ የዘገየባት ጎረቤት ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ስትጨርሺ መቀሱን ታውሺኛለሽ?» አለቻት።